የመሣሪያ ጉባኤው በ2024 ወደ ዳላስ ሲመጣ፦ ሽጉጥ ያለን አበሾች እንሂድ ወይስ እንቅር?

ከጋርላንድ፦

ሰላም ለዚህ ቤት። ኤንአርኤ የሚባለው የጠመንጃ ባለቤቶች ማኅበር ዓመታዊ ጉባኤውን ከሜይ 16 እስከ 19 ቀን 2024 እዚሁ ዳላስ መሀል ከተማ፣ ኬይ ቤይሊ ሃችሰን አዳራሽ ሊያደርግ ነው። እኔ ስቶር ውስጥ ማታ ማታ እሠራለሁ፤ ሽጉጥ ከገዛሁ አራት ዓመት ሆነኝ። የ15 ዓመት ልጄ ጓደኞቹ ከአባቶቻቸው ጋር ስለሚሄዱ "እኛም እንሂድ" እያለ ቀን ከሌት ይጨቀጭቀኛል። እናቱ ደግሞ ወሬውንም መስማት አትፈልግም። መሣሪያ ያላችሁ ወንድሞችና እህቶች ምን ትመክሩኛላችሁ?

ከሜስኪት፦

ወንድሜ፣ ውሰደው። በ2018 ጉባኤው እዚሁ ዳላስ ሲደረግ ሄጄ አይቻለሁ። ብዙ ሰው ጠመንጃ እየተገዛ በትከሻ የሚወጣበት ገበያ ይመስለዋል። አይደለም። ለእይታ የተደረደረው ሁሉ ጥይቱን የሚመታው መርፌ የወጣለት ነው፤ የወደድከውን ብታዝም የምትረከበው ሰፈርህ ካለ ፈቃድ ያለው ነጋዴ ዘንድ፣ ባክግራውንድ ቼክ (የኋላ ታሪክ ማጣሪያ) አልፈህ ነው። እኔ ሽጉጤን እንዲሁ ሱሪዬ ላይ ሰክቼ የምዞር ሰው ነበርኩ። ቃታውን በደንብ የሚሸፍን ሆልስተር (የሽጉጥ ማኅደር) የገዛሁት እዚያ ያገኘሁት አንድ ሽማግሌ እንደ አባት ገሥጾኝ ነው።

ደግሞ ለምን መሣሪያ እንደያዝን አንርሳ። ከስምንት ዓመት በፊት ሌሊት ሒሳብ መቀበያው ጋ ቆሜ ሽጉጥ ተደግኖብኛል። ፖሊስ የደረሰው ሰውየው ገንዘቡን ይዞ ከሄደ ከሃያ ደቂቃ በኋላ ነው። ያን ሌሊት ያየ ሰው መብቱን የሚያስከብርለትን ማኅበር ቢደግፍ አይፈረድበትም። እኛም ዜጎች ነን፣ ግብር እንከፍላለን። እዚያ አዳራሽ ውስጥ እኛን የሚመስል ሰው መታየቱ የሚጠቅመው እኛኑ ነው።

ከሪቻርድሰን፦

የሜስኪቱ ወንድሜ፣ የደረሰብህን እረዳለሁ፤ እኔንም ለሽጉጥ ያበቃኝ እንዲሁ ያለ ሌሊት ነው። ሁለት መሣሪያ አለኝ፣ የቴክሳስ ፈቃድም አለኝ። ጉባኤው ግን አልሄድም፣ ልጄንም አልወስድም። ምክንያቴ ረዘም ስለሚል ታገሡኝ።

ባለፈው ዓመት፣ በ2023 ሜይ 6 ቀን፣ አለን (Allen) በምትባለው ከተማ ባለው አውትሌት ሞል አንድ ሰው 8 ሰው ገደለ። ለልጆቻችን የበዓልና የትምህርት ቤት ልብስ የምንገዛበት ቦታ ነው። በዕለቱ ባለቤቴና ሴት ልጄ ጫማ ሊቀይሩ አስበው ነበር፤ ሕፃኑ አተኩሶት ቀሩ። ገዳዩን የጣለው ለሌላ ጉዳይ እዚያ የተገኘ ፖሊስ ነው። ጉባኤው የሚከፈተው ከዚያ ቀን አንድ ዓመት ከአሥር ቀን በኋላ፣ በመኪና ግማሽ ሰዓት በሚያስኬድ ርቀት ላይ ነው። ልጄን ይዤ በዚያ ሁሉ ጠመንጃ መሀል መዝናናት እግሬ አይታዘዝልኝም።

በ2022 የሂዩስተኑንም አስታውሱ። ሜይ 24 ቀን እዚሁ ቴክሳስ፣ ኡቫልዴ ከተማ ባለ ትምህርት ቤት ውስጥ 19 ሕፃናትና 2 መምህራን ተገደሉ። ሜይ 27 ጉባኤው ሂዩስተን ላይ ተከፈተ። ከንቲባው የገባነውን ውል ማፍረስ አንችልም አሉ። ከአዳራሹ ፊት ለፊት ባለው ዲስከቨሪ ግሪን መናፈሻ ሰዎች የሕፃናቱን ፎቶ ይዘው ቆሙ። ትራምፕ በተናገሩበት አዳራሽ ደግሞ ማንም መሣሪያ ይዞ እንዳይገባ ተከልክሎ ነበር። እኛ ጎረቤታችን ለቅሶ ተቀምጦ ከበሮ አንመታም። ማኅበሩ ይህን ቢያውቅ ኖሮ ጉባኤውን ለሌላ ጊዜ ያሻግረው ነበር።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ግን ይኸኛው ነው። ጁላይ 6 ቀን 2016 ሚኒሶታ ውስጥ ፊላንዶ ካስቲል የሚባል ጥቁር ሰው ትራፊክ አስቆመው። ፈቃድ ነበረው። ሕጋዊ ሰው እንደሚያደርገው መሣሪያ መያዙን ራሱ ቀድሞ ተናገረ። ፖሊሱ ተኩሶ ገደለው፤ ጓደኛውና የ4 ዓመት ልጇ መኪናው ውስጥ ነበሩ። በሚቀጥለው ዓመት ፖሊሱ ከክሱ ነፃ ወጣ። ማኅበሩ ስለ ሌሎች ባለፈቃዶች የሚጮኸውን ያህል ስለዚህ ሰው አልጮኸም፤ እኔ ይህን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። ካስቲል በተገደለ በማግሥቱ ደግሞ እዚሁ ዳላስ አምስት ፖሊሶች ሲገደሉ፣ ጠመንጃውን በሕጋዊ መንገድ አንግቦ ሰልፍ የወጣ አንድ ጥቁር ሰው በስህተት ተጠርጣሪ ተብሎ ፎቶው በየቦታው ተበተነ።

እኔን ከሁለት ዓመት በፊት ማታ ፖሊስ ሲያስቆመኝ የመኪናዬን የውስጥ መብራት አበራሁ፣ መስኮቶቹን ሁሉ አወረድኩ፣ ሁለት እጄን መሪው ላይ ዘረጋሁ። "ፈቃድ አለኝ፣ ሽጉጡ በቀኝ ጎኔ ነው፣ አልነካውም" ስል ምላሴ ደርቆ ነበር። ፖሊሱ ደግ ሰው ሆኖ በሰላም ተለያየን። ልጄ ግን ከኋላ ወንበር ተቀምጦ እጄ ሲንቀጠቀጥ አይቷል። ለ15 ዓመት አበሻ ልጅ መጀመሪያ መነገር ያለበት ይህ ነው። እዚያ አዳራሽ "መብትህ ነው" ይሉታል፤ እውነት ነው፣ መብቱ ነው። እጅን የመኪናው መሪ ላይ የመዘርጋቱን ነገር ግን የሚነግረው አባቱ ነው።

ወደ ሕጉ ልምጣ፤ በየቡና ቤቱ የምሰማው ነገር ያስፈራኛል። ግሪን ካርድ ያለው ሰው ሽጉጥ መግዛት ይችላል፤ መሣሪያ ሲገዛ የሚሞላውን የፌዴራል ቅጽ፣ ፎርም 4473ን፣ ሲሞላ የኢሚግሬሽን ቁጥሩን ይጽፋል። በተማሪ ወይም በጎብኚ ቪዛ የመጣ ሰው ግን እንደ አደን ፈቃድ ካሉ ጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በቀር መግዛትም መያዝም አይችልም። ወረቀት የሌለው ሰው ተኩስ መለማመጃ ቦታ ለአሥር ደቂቃ ቢይዘው እንኳ የፌዴራል ወንጀል ነው። መርፌው የወጣለት ጠመንጃም በሕግ ዓይን ጠመንጃ ነውና፣ ከአገር ቤት ለጉብኝት የመጣ ወንድም ካለህ እኔ ብሆን እዚያ አልወስደውም። አሳይለም (ጥገኝነት) ጠይቆ የሚጠባበቅ ሰው ጠበቃ ሳያማክር እንዳይነካ። "እሱ ወረቀት የለውም፣ እኔ ልግዛለት" የምትሉ ደግሞ፣ በ2022 የወጣው ሕግ በዚህ ብቻ እስከ 15 ዓመት ያሳስራል።

ባለ ግሪን ካርዶች፣ በመሣሪያ ወንጀል ከተፈረደባችሁ ቅጣቱ እስር ብቻ አይደለም፤ ከአገር ሊያስባርራችሁ ይችላል። ሚስቱን መትቶ በቀላል ወንጀል የተፈረደበትም ከ1996 ጀምሮ በፌዴራል ሕግ መሣሪያ ተከልክሏል። ከሴፕቴምበር 2021 ወዲህ ቴክሳስ ውስጥ ያለ ፈቃድ መያዝ ስለተፈቀደ ብዙ ወንድሞች ሁሉም ቦታ የተፈቀደ ይመስላቸዋል። የምንዝናናባቸውን ቤቶች በር ተመልከቱ፦ ከሽያጩ 51 በመቶና ከዚያ በላይ ከመጠጥ የሆነ ቤት በቀይ የተጻፈ "51%" ይለጥፋል። እዚያ ሽጉጥ ታጥቆ መግባት ከባድ ወንጀል ነው፤ ጥብስ በልቼ ልውጣ ነው ያልኩት ብሎ ማምለጥ የለም።

ያደግኩት ጎጃም ነው። የአያቴ ምንሽር ከምሰሶው ላይ ተሰቅሎ ይውል ነበር። ለሠርግ ወይም ለለቅሶ ካልሆነ አይወርድም። በዓመት በዓል ዋዜማ ጨርቅ አንጥፎ ሲወለውለው እኛ ልጆች ከግድግዳው ተጠግተን እንቆማለን፤ አፈሙዙ ወደ ማናችንም አይዞርም። "ባዶ ነው አትበሉ፣ ባዶውን ሰይጣን ያጎርሰዋል" ይለን ነበር። ልጄ መሣሪያን እንዲያውቅ የምፈልገው በዚያ መንገድ ነው። ስለዚህ የቴክሳስ ፓርኮችና የዱር እንስሳት መሥሪያ ቤት የሚሰጠውን የአዳኞች ትምህርት አስመዝግቤዋለሁ፤ ከ9 ዓመት ጀምሮ ይቀበላሉ። ወንድሜ፣ ለልጅህም ይህ የተሻለ ይመስለኛል።

ከሜስኪት፦

ስለ ካስቲል ያልከው ልክ ነው፣ አልከራከርህም። ግን እኛ ካልሄድን ማን ይጠይቃቸው? በር ላይ ቆሞ የሚጮኸውን አይሰሙትም፤ አባል ሆኖ ገብቶ የሚጠይቀውን ይሰሙ ይሆናል። እኔ ዘንድሮም እሄዳለሁ፣ የካስቲልን ስም አንስቼም እጠይቃለሁ።

ከሪቻርድሰን፦

ከጠየቅክማ ትልቅ ነገር ነው። የመለሱልህን እዚህ ጻፍልን።

ከኢርቪንግ፦

የሁለታችሁም ሐሳብ ገብቶኛል። እኔ የኡበር ሹፌር ነኝና በዚያ ሳምንት መሀል ከተማ ለምትሠሩ አንድ ነገር ላስታውስ። ኡበርም ሊፍትም ለሹፌርም ለተሳፋሪም መሣሪያ አይፈቅዱም። ኤርፖርት ሄዳችሁ እንግዳ ስታነሡ ሻንጣው ውስጥ ምን እንዳለ አታውቁም፤ ወገቡ ላይ ካያችሁ ግን ጉዞውን በትሕትና ሰርዙና ለድርጅቱ አሳውቁ፣ አትከራከሩ። የራሳችሁንም መኪና ውስጥ "ለክፉ ቀን" ብላችሁ አታስቀምጡ። አካውንታችሁ ከተዘጋ የቤት ኪራዩን የሚከፍልላችሁ የለም።

ከፕላኖ፦

ወንድሞቼ፣ ነርስ ነኝ፤ ሽጉጥም አለኝ። ሁላችሁም ስለ ሌባና ስለ ፖሊስ ተናገራችሁ። በዚህ አገር በመሣሪያ ከሚሞቱት ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ራሳቸውን ያጠፉ ናቸው። በእኛ ማኅበረሰብ ይህን ማንም አያነሣም፤ ለቅሶ ቤት ሄደን "በድንገት ዐረፈ" ተብለን እንመለሳለን። ሥራ ያጣ፣ ትዳሩ የፈረሰ፣ ብቻውን አፓርትመንት ውስጥ የተቀመጠ ወንድም ካላችሁ መሣሪያውን ለጊዜው የት እናስቀምጥልህ ብላችሁ ጠይቁት። መጠየቁ ሐሳቡን አይሰጠውም፤ እንዲያውም ሸክሙን ያቀልለታል።

የጋርላንዱ ወንድሜ፣ አንተን ደግሞ ልጠይቅህ። ሽጉጥህን የምታስቀምጠው የት ነው? ጥይት ጎርሶ ነው የሚያድረው? ቴክሳስ ውስጥ ጥይት ያለበትን መሣሪያ ልጅ ሊደርስበት በሚችልበት ቦታ ትተኸው ከ17 ዓመት በታች የሆነ ልጅ ቢያገኘው ራሱን የቻለ ጥፋት ነው፤ ባርቆ ሰው ቢጎዳ ደግሞ ቅጣቱ ይከብዳል። አዳራሹ እስኪከፈት ጊዜ አለ፣ መሳቢያው ግን ዛሬም ክፍት ነው።

ከጋርላንድ፦

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የእህታችንን ጥያቄ ካነበብኩ በኋላ ማታ ልጄን ሳሎን ጠርቼ፣ "ሽጉጤ የት እንዳለ ታውቃለህ?" አልኩት። ትንሽ ዝም ብሎ፣ "ከአልጋህ አጠገብ ታችኛው መሳቢያ፣ ከካልሲዎቹ ሥር" አለኝ። ከመቼ ጀምሮ ብለው፣ "ከገዛኸው ቀን ጀምሮ" አለ። እናቱ ከወጥ ቤት ሰምታ መጣችና ከሁለታችን ፊት ተቀመጠች፤ እስከ እኩለ ሌሊት አወራን። ጥይቱን ዛሬ አውጥቼ ለብቻው አስቀምጬዋለሁ። ስለ ጉባኤው ገና አልተስማማንም፤ የአዳኞቹን ትምህርት ግን ሁለታችን አብረን እንማራለን ብለናል። አሁን የምፈልገው በጣት አሻራ ወይም በቁጥር የሚከፈት፣ ከአልጋ ሥር የሚገባ የብረት ሳጥን ነው። ጥሩ የገዛችሁ ካላችሁ የቱን እንደሆነና ስንት እንደከፈላችሁ ጻፉልኝ፤ ነገ ከሥራ በፊት ልገዛ ነው።