ማሳደጊያዎቹ ይዘጉ ወይስ ይስተካከሉ? (ክርክር)

የሐዋሳ መምህር፦
ክፍሌ ውስጥ ማሳደጊያ የሚኖሩ አራት ልጆች አሉ። ሁለቱ ጎበዞች ናቸው። አንደኛው ግን ሦስት ነገር ካዘዝኩት ሁለቱን ይረሳል። ትንሽ ከተቆጡት ደግሞ ቱግ ይላል። ባልደረቦቼ "ማሳደጊያ ልጅ ያበላሻል፣ ይዘጋ" ይላሉ። ቢዘጋ ልጆቹ የት ይግቡ? እናንተ ምን ትላላችሁ?

ማኅበራዊ ሠራተኛዋ፦
እኔ ቀስ በቀስ ይዘጋ ባይ ነኝ መምህር። የሩማንያው አምባገነን ቻውሼስኩ ከወደቀ ከዓመታት በኋላ እዚያው አገር አንድ ጥናት ተጀመረ። ዋና ከተማዋ ቡካሬስት ማሳደጊያዎች ውስጥ ከነበሩ 136 ሕፃናት ግማሾቹ በዕጣ ለአደራ ቤተሰብ፣ ማለትም የሰው ልጅ ተቀብሎ ቤቱ ለሚያሳድግ ቤተሰብ፣ ተሰጡ። የቀሩት ባሉበት ቆዩ። ሲጀመር ከ6 እስከ 31 ወር ዕድሜ ላይ ነበሩ። አራት ዓመት ተኩል ሲሆናቸው የአእምሮ ችሎታቸው በአይኪው ፈተና ተለካ። ማሳደጊያ የቀሩት በአማካይ 73፣ አደራ ቤተሰብ የገቡት 81 አመጡ። እዚያው ከተማ ወላጆቻቸው ጋር ያደጉት 109። ሁለት ዓመት ሳይሞላቸው የወጡት ደግሞ የበለጠ አገገሙ።

ነገሩ የምግብ ብቻ አይደለም። ሕፃን ሲያለቅስ የሚመጣለት፣ ሲስቅ የሚስቅለት አንድ የለመደው ሰው ይፈልጋል። ሞግዚቶቹ በፈረቃ ሲለዋወጡ፣ አንዷ ለብዙ ልጅ ስትሆን፣ አልቅሶ አልቅሶ ማንም እንደማይመጣ ሲገባው ዝም ይላል። ጎብኚዎች "እንዴት ጨዋ ልጆች ናቸው!" ይላሉ። እኔን የሚያስፈራኝ ያ ዝምታ ነው። እንግዳ ባየ ቁጥር ሮጦ የሚያቅፍ ልጅም ያሳስበኛል። ፍቅር ይመስላል፤ ብዙ ጊዜ ግን የእኔ የሚለው ሰው ያጣ ልጅ ነው።

ከማሳደጊያ የወጣሁ፦
እህቴ፣ የሩማንያውን ለጊዜው ተይልኝና የእኔን ስሚ። ማሳደጊያ የገባሁት በስድስት ዓመቴ ነው። ከዚያ በፊት ዘመድ ቤት ነበርኩ። ውሃ እቀዳለሁ፣ የቤቱን ሕፃን አዝላለሁ። ልጆቻቸው ደብተር ይዘው ሲወጡ እኔ በር ላይ ቆሜ አያለሁ። ፊደል የቆጠርኩት ማሳደጊያ ገብቼ ነው። ማታ ማታ እያስጠናች ያሳደገችን ሞግዚት ዛሬም እናቴ ናት። "ወደ ዘመድ ይመለሱ" ሲባል ዘመዱ ቤት ምን እንደሚጠብቃቸው ማን አይቶ ነው?

የዲሲዋ ነርስ፦
የእህታችንን ታሪክ የሚደግፍ ጥናትም አለ። እ.ኤ.አ. በ2009 የዱክ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የአምስት አገር ውጤት አወጡ፤ ካምቦዲያ፣ ሕንድ፣ ኬንያ፣ ታንዛኒያና የኛው ኢትዮጵያ። ወላጅ ያጡ ወይም የተጣሉ፣ ከ6 እስከ 12 ዓመት የሆናቸው ልጆች ናቸው የታዩት። በጤና፣ በስሜትና በማስታወስ ችሎታ፣ ተቋም ውስጥ ያሉት ሰፈር ውስጥ ቤተሰብ ዘንድ ካሉት በአማካይ የባሱ ሆነው አልተገኙም።

ግን ዕድሜውን ልብ በሉ። ይኼ ጥናት ከስድስት ዓመት በታች ያሉትን አላየም። የሩማንያዎቹ ደግሞ ጨቅላዎች ነበሩ። ስለዚህ ሁለታችሁም ልክ ልትሆኑ ትችላላችሁ።

አንድ የሚቆጨኝ ነገር አለ። እኛ ውጭ ያለነው ስናዋጣ ለሕንፃ ነው፣ ለአልጋ ነው። ፎቶ ይወጣለታል። የሞግዚት ደመወዝ ይሻሻል ብሎ ያዋጣ ሰው ግን እስካሁን አልገጠመኝም። ደመወዟ ካልበቃት ትሄዳለች። ልጁ ለሁለተኛ ጊዜ እናት አጣ ማለት ነው።

ማኅበራዊ ሠራተኛዋ፦
እቀበላለሁ፣ "ዘመድ" ስንል አብዝተን አምነናል። ቤቱ ሳይታይ፣ ልጁ ከተመለሰ በኋላ ክትትል ሳይኖር መልሶ ማቀላቀል ጥሎ መሄድ ነው። ስለ ጨቅላዎቹ ግን ንቅንቅ አልልም። ከሦስት ዓመት በታች ያለ ልጅ ተቋም ውስጥ መክረም የለበትም። በ2010 ዓ.ም. የውጭ አገር ጉዲፈቻ በሕግ ተከልክሏል። ያ በር ከተዘጋ አገር ውስጥ ያለው በር በሰፊው መከፈት ነበረበት። ጉዲፈቻ እኮ ቃሉም ባህሉም የኦሮሞ ሕዝብ ነው፤ ከውጭ የመጣብን ነገር አይደለም። አሁንም ግን አደራ ቤተሰብ ለመሆን የሚፈልግ ሰው የት ሄዶ እንደሚመዘገብ አያውቅም።

ከማሳደጊያ የወጣሁ፦
በጨቅላዎቹ እስማማለሁ። ለትልልቆቹ ደግሞ አንድ እናት፣ ጥቂት ልጆች፣ የራሳቸው ማጀት ይኑራቸው። የልጆች መንደር የሚያቋቁመው ድርጅት ኤስኦኤስ መቀሌ ላይ እ.ኤ.አ. በ1974 የጀመረው እንደዚህ ነው። ሽንኩርት ስትከትፍ አጠገቧ ቁጭ ብሎ የሚያወራ ልጅ ማሰብንም ይማራል።

የሐዋሳ መምህር፦
እሺ፣ እኔስ ለዚያ ልጅ ምን ላድርግለት?

ከማሳደጊያ የወጣሁ፦
መምህር፣ ትእዛዙን አንድ በአንድ ይስጡት። ሲቆጣ ከክፍል አያስወጡት፤ መባረር ይበቃዋል። ደግሞ እርዳታ ደብተር ሲመጣ "የድርጅቱ ልጆች እጅ አውጡ" አይበሉ። እኔ ያንን እጅ ላለማውጣት ስል ያለ ደብተር የከረምኩበት ዓመት አለ።

የሐዋሳ መምህር፦
ብያለሁ። ባለፈው መስከረም ብያለሁ። ከእንግዲህ ደብተሩ ክፍል ውስጥ ሳይሆን፣ የልጆቹ ሁሉ ወላጆች ትምህርት ቤት በሚገቡበት ሰዓት ቢሮ ውስጥ ይሰጣል።

ከማሳደጊያ የወጣሁ፦
ወላጅ በሚገባበት ሰዓትማ አይሁን መምህር። ሌላ ቀን ያድርጉት።