የሲ፣ የሲ ፕላስ ፕላስና የረስት ፈንክሽኖችን ከፓይተንና ከጃቫ ለመጥራት የትኛው መሣሪያ ይሻላል? (ጥቆማ)

በአንድ ቋንቋ የጻፉትን ፈንክሽን ከሌላ ቋንቋ ለመጥራት የሚፈልጉ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚጠይቁት የትኛው መሣሪያ እንደሚፈጥን ነው። በእኔ እምነት ግን ከፍጥነቱ በፊት ሁለት ነገሮች ሊታወቁ ይገባል፤ በቋንቋዎቹ መካከል የሚያልፈው ምን ዓይነት ዳታ እንደሆነና የተያዘውን ሜሞሪ የሚለቀው የትኛው ወገን እንደሆነ። የሚከተለው ጥቆማዬም የተመሠረተው በእነዚህ ላይ ነው።

የሚጠሩት ፈንክሽኖች ጥቂት ከሆኑና የሚቀበሉትም ሆነ የሚመልሱት ቁጥር ወይም ቀላል ድርድር ብቻ ከሆነ፣ ሲታይፕስ (ctypes) በተባለው የፓይተን ሞጁል ይጀምሩ። ከፓይተን 2.5 ጀምሮ ከቋንቋው ጋር አብሮ የሚመጣ በመሆኑ የሚጫን ተጨማሪ ነገር የለም። ነገር ግን ሲታይፕስ የፈንክሽኑን ትክክለኛ ዓይነት በራሱ አያውቅም። ሬስታይፕ (restype፣ የሚመለሰው ዋጋ ዓይነት) ካልተገለጸለት የሚመለሰው ዋጋ የሲ ኢንት ነው ብሎ ስለሚወስድ፣ ፖይንተር (የሜሞሪ አድራሻ) የሚመልስ ፈንክሽን በ64 ቢት ማሽን ላይ አድራሻው ተቆርጦ ይመለሳል፤ ፕሮግራሙም አንዳንድ ጊዜ በትክክል የሠራ መስሎ ከቆየ በኋላ ሌላ ቦታ ላይ ይወድቃል። ስለዚህ አርግታይፕስን (argtypes፣ ፈንክሽኑ የሚቀበላቸውን ዋጋዎች ዓይነት) እና ሬስታይፕን ለእያንዳንዱ ፈንክሽን መጻፍ ግዴታ ነው ብለው ይያዙት። በሲ በኩል የተያዘ ጽሑፍ የሚመለስ ከሆነ ደግሞ ሬስታይፑን ሲ ቻር ፒ (c_char_p፣ የጽሑፍ ፖይንተር) አያድርጉት፤ ሲታይፕስ ወዲያውኑ ወደ ፓይተን ባይትስ ስለሚቀይረው ዋናው ፖይንተር ይጠፋል፣ ሜሞሪውንም የሚለቁበት መንገድ አይኖርም። ሲ ቮይድ ፒ (c_void_p፣ ዓይነቱ ያልተገለጸ ፖይንተር) አድርገው ይቀበሉና ጽሑፉን ከገለበጡ በኋላ ፖይንተሩን እዚያው ላይብረሪ ውስጥ ላለ የመልቀቂያ ፈንክሽን ይመልሱት።

ፈንክሽኖቹ ሲበዙ ሲኤፍኤፍአይ (CFFI) የተባለውን የፓይተን ላይብረሪ እመርጣለሁ። የሲውን መግለጫ እንዳለ ስለሚያነብና በኤፒአይ ሞድ (ማገናኛ ኮዱ አስቀድሞ በሲ ኮምፓይለር በሚዘጋጅበት አሠራር) ሲሠራ መግለጫው በኮምፓይለር ስለሚረጋገጥ፣ ከላይ የጠቀስኩትን ዓይነት ስህተት ገና ከመነሻው ይይዘዋል።

የሲ ፕላስ ፕላስ ክላሶችን ለመጠቀም ለሚፈልግ ሰው ፓይባይንድ 11ን (pybind11፣ ሲ ፕላስ ፕላስን ከፓይተን ጋር የሚያገናኝ ላይብረሪ) ያለ ማመንታት እጠቁማለሁ። ክላሶችን ከነውርሳቸው ያስተላልፋል፣ በሲ ፕላስ ፕላስ የተወረወረውን ኤክሴፕሽንም ወደ ፓይተን ኤክሴፕሽን ይለውጣል። ሁለት ነገሮችን ግን ልብ ይበሉ። ቬክተርን ወደ ፓይተን ሊስት ሲያስተላልፍ ዳታውን ይገለብጣል፤ ትልቅ ድርድር ከሆነ በነምፓይ (NumPy፣ የፓይተን የቁጥር ስሌት ላይብረሪ) ድርድር መልክ ማስተላለፍ ይሻላል። ከዚህም ሌላ፣ ሲታይፕስ በተለመደው አጠቃቀሙ ጊል (GIL) የሚባለውን፣ በአንድ ጊዜ አንድ ትሬድ ብቻ እንዲሠራ የሚያደርገውን የፓይተን መቆለፊያ ራሱ ሲለቅ፣ ፓይባይንድ 11 ግን እስኪታዘዝ ድረስ አይለቅም፤ ረጅም ስሌት በሚሠራበት ጊዜ ሌሎቹ የፓይተን ትሬዶች ቆመው ይጠብቃሉ። ኮዱ በረስት የተጻፈ ከሆነ ፓይኦ3 (PyO3) የተባለው የረስት ላይብረሪ ማቱሪን (maturin) ከተባለው የፓኬጅ ማዘጋጃ መሣሪያ ጋር ተመሳሳዩን ሥራ በጥሩ ሁኔታ ያከናውናል። ስዊግን (SWIG፣ ለብዙ ቋንቋዎች ማገናኛ ኮድ የሚያመነጭ መሣሪያ) የምመክረው አንዱን ላይብረሪ ለጃቫ፣ ለሩቢ፣ ለሲ ሻርፕና ለሌሎችም በአንድ ጊዜ ማዳረስ ለሚገባው ሰው ብቻ ነው።

ከጃቫ ለሚጠሩ ሰዎች ሁኔታው በቅርብ ዓመታት በእጅጉ ተሻሽሏል። ጄኤንአይ (JNI) የተባለው ነባሩ የጃቫ መንገድ ለእያንዳንዱ ፈንክሽን በሲ የተጻፈ ማገናኛ ኮድ ይጠይቃል፤ በ2024 በወጣው ጃቫ 22 የጸደቀው የውጭ ፈንክሽንና ሜሞሪ ኤፒአይ ግን ይህን አስቀርቷል። ጄኤክስትራክት (jextract) የተባለው መሣሪያ የሲውን ሄደር ፋይል አንብቦ የጃቫውን ኮድ ያዘጋጃል፤ በተወሰነ አሬና (confined arena፣ በአንድ ላይ የሚለቀቅ የሜሞሪ ክልል) የተያዘው ሜሞሪም አሬናው ሲዘጋ አብሮ ይለቀቃል። ለአዲስ ሥራ ምርጫዬ ይህ ነው። ከጃቫ 22 በፊት ባለ ስሪት መቆየት ግድ ለሆነበት ሰው፣ የአንድ ጥሪ ዋጋ ከፍ ቢልም ጄኤንኤ (JNA) የተባለው ላይብረሪ ይበቃዋል።

የመረጡት መሣሪያ የትኛውም ቢሆን፣ ሚሊዮን ጊዜ የሚዞረውን ሉፕ በሲው ወይም በረስቱ በኩል ያድርጉትና ድርድሩን በአንድ ጥሪ ያሳልፉ። ከመሣሪያ ለውጥ ይልቅ ይህ ብዙ ጊዜ ያተርፋል።

የሚጠራው ኮድ የማያምኑት ከሆነ ግን ከላይ ካሉት አንዱንም አልመክርም። በአንድ ፕሮሰስ ውስጥ የሚፈጠር የሜሞሪ ስህተት ጠሪውንም ይዞ ይወድቃል። እንዲህ ያለውን ኮድ በራሱ ፕሮሰስ አስኪደው በጂአርፒሲ (gRPC፣ ፕሮሰሶች እርስ በርስ የሚጠራሩበት ዘዴ) ወይም በተራ ፓይፕ ይጥሩት፤ እያንዳንዱ ጥሪ በጣም ይዘገያል፣ ነገር ግን ኮዱ ሲወድቅ ዋናው ፕሮግራም ስህተቱን መዝግቦ እንደገና ሊያስነሣው ይችላል።