ከ70 እስከ 140 ሜጋኸርዝ የሚሄድ ኦሲሌተር፦ ክልሉን ሳላጠብ ኖይዙን እንዴት ላውርደው?

ጥያቄ
ሰላም ቤተሰብ። በቮልቴጅ የሚስተካከል ኦሲሌተር (የሬድዮ ሞገድ የሚያመነጭ ሰርኪዩት) እየሠራሁ ነው። ኮይሉ 100 ናኖሄንሪ ነው፣ ከ70 እስከ 140 ሜጋኸርዝ ያለውን በሙሉ የሚሸፍነው አንድ ቫራክተር ዳዮድ (በቮልቴጅ መጠኑ የሚቀየር ካፓሲተር) ብቻ ነው። ቮልቴጁ ከ1 እስከ 12 ይሄዳል። ክልሉ ላይ ቅሬታ የለኝም፣ ልቤን ያወለቀው ፌዝ ኖይዙ፣ ማለትም በዋናው ሞገድ ዙሪያ የሚታየው የፍሪኩዌንሲ መንቀጥቀጥ ነው። ከዋናው ሞገድ 10 ኪሎኸርዝ ርቄ ስለካ 70 አካባቢ -90 ዲቢሲ በኸርዝ (ከዋናው ሞገድ በስንት ዲሲቤል እንደሚያንስ) ይሰጠኛል፣ 140 አካባቢ ደግሞ -101። ትራንዚስተሩን ቀየርኩ፣ ፓወር ሳፕላዩ ላይ ማጣሪያ ጨመርኩ፣ ንቅንቅ አላለም። ወደ ቫራክተሩ በሚሄደው መስመር ላይ 47 ኪሎ ኦም ሬዚስተርና 100 ፒኮፋራድ ካፓሲተር አለ። በሁሉም ቦታ ከ-105 በታች እፈልጋለሁ። ይቻላል ወይስ ከሰፊ ክልልና ከዝቅተኛ ኖይዝ አንዱን መምረጥ አለብኝ?

መልስ 1
ይቻላል። ግን መጀመሪያ አንድ ነገር ለካልኝ። ቮልቴጁን በ1 ቮልት ስትጨምር ፍሪኩዌንሲው ስንት ሜጋኸርዝ ይሄዳል? አንዴ ታች፣ አንዴ ላይ።

ጠያቂው
ታች 15 ሜጋኸርዝ በቮልት፣ ላይ 4 ገደማ።

መልስ 1
በቃ፣ እጅ ከፍንጅ ተያዘ። የ15 እና የ4 ልዩነት በዲሲቤል 11.5 ነው። የኖይዝህ ልዩነት ደግሞ 11። ኖይዙ የሚገባው በቮልቴጁ መስመር ነው ማለት ነው፣ ለዚህ ነው ትራንዚስተር መቀየሩ ምንም ያልፈየደው።

ዋናው ተጠያቂ ያ 47 ኪሎ ኦም ነው። ማንኛውም ሬዚስተር በሙቀቱ ብቻ ኖይዝ ያወጣል፣ የዚህኛው በክፍል ሙቀት በአንድ ኸርዝ ባንድ ውስጥ 28 ናኖቮልት ይደርሳል። ይህን በ15 ሜጋኸርዝ በቮልት ስታበዛው 10 ኪሎኸርዝ ርቀት ላይ ወደ -90.5 ይወስድሃል። የለካኸው -90 ነው! 100 ፒኮፋራዱም አያድንህም፣ ምክንያቱም ከ47 ኪሎ ኦም ጋር ማጣራት የሚጀምረው ከ34 ኪሎኸርዝ በላይ ነው፣ አንተ የምትለካው ከዚያ በታች ነው።

ሬዚስተሩን ወደ 470 ኦም አውርደው። ከሱ ጋር በተከታታይ ቾክ (ከፍተኛ ፍሪኩዌንሲን የሚያግድ ኮይል) አድርግበት፣ አለዚያ ትንሹ ሬዚስተር ኦሲሌተሩን ይጫነውና ኪው (ሰርኪዩቱ ምን ያህል ጥቂት ኃይል እንደሚያባክን የሚለካው ቁጥር) ይወርዳል። የሬዚስተሩ ድርሻ ብቻውን በ20 ዲሲቤል ይቀንሳል። ከዚያ በኋላ የሚቀረውን ማየት ነው።

ጠያቂው
ተባረክ፣ ሠርቷል። አሁን ታች -99፣ ላይ -107። የታችኛው ግን ገና ነው። መስመሩን የሚነዳው ኦፕ-አምፕ (የማጉያ ቺፕ) ኖይዙ 10 ናኖቮልት ነው፣ እሱንም ልቀይር?

መልስ 2
ብትቀይረው ትንሽ ታገኛለህ። 10 ናኖቮልቱ በ15 ሜጋኸርዝ በቮልት ሲባዛ -99.5 ነው፣ አሁን ያለህበት ቦታ ማለት ነው። ግን ናኖቮልት እያሳደድክ ከምትኖር ችግሩን ከምንጩ ብታደርቀው ይሻላል። ምንጩ ያ 15 ነው። ፍሪኩዌንሲ በእጥፍ እንዲያድግ ካፓሲተሩ በ4 እጥፍ መቀነስ አለበት፣ አንተ ይህን ሁሉ ሸክም አንድ ቫራክተር ላይ ነው የጫንከው። ሸክሙን ለሁለት ክፈለው። ሻካራውን ማስተካከያ በስዊች የሚገቡና የሚወጡ ቋሚ ካፓሲተሮች ይሥሩት፣ ለቫራክተሩ በሁለት ደረጃ መካከል ያለችውን ክፍተት ብቻ ተውለት።

ስንት ስዊች? ብዙ ሰው 3 ይበቃል ብሎ ይጀምራል፣ 8 ደረጃ ስለሚሰጥ። አይበቃም። አንድ ዓይነት የካፓሲተር ለውጥ ፍሪኩዌንሲውን የሚያንቀሳቅስበት መጠን በፍሪኩዌንሲው ኪዩብ ያድጋል፣ ከ70 ወደ 140 ስትወጣ 8 እጥፍ ማለት ነው። በ3 ስዊች ታች ያለው እርምጃ 4 ሜጋኸርዝ ሲሆን ላይ ያለው የመጨረሻው እርምጃ 23 ይሆንብሃል። በ5 ስዊች፣ ማለትም በ32 ደረጃ፣ የላይኛው ወደ 6 ይወርዳል፣ የታችኛው ከ1 በታች። ቫራክተሩ አንድ ደረጃ ተኩል እንዲሸፍን ብታደርገው ላይ 9 ሜጋኸርዝ ገደማ ይዞ ይሄዳል። ይህን ከ2 እስከ 10 ቮልት ላይ ስትዘረጋው በቮልት 1.2 ሜጋኸርዝ ነው፣ ታች ደግሞ ከዚያም በጣም ያንሳል። ያው ኦፕ-አምፕህ በጣም በከፋው ቦታ እንኳ ወደ -121 ይወርዳል። ያኔ የሚገድብህ የኮይሉና የትራንዚስተሩ ኖይዝ ብቻ ነው።

ከ2 ቮልት በታች አትውረድ። እዚያ የኦሲሌተሩ ሞገድ ራሱ ቫራክተሩን መክፈት ይጀምራል፣ ኪው ይሞታል።

መልስ 3
መልስ 2 ላይ የተባለው ትክክል ነው፣ ግን ብዙ ሰው የሚሰናከለው ካሊብሬሽኑ ላይ ስለሆነ ልጨምርበት። 5ቱ ካፓሲተሮች 1፣ 2፣ 4፣ 8፣ 16 እያሉ ነው የሚሄዱት። ከ15ኛው ደረጃ ወደ 16ኛው ስትሻገር አራቱ ትንንሾች ወጥተው ትልቁ ይገባል። ትልቁ ባለ 5 ፐርሰንት ከሆነ ብቻውን 0.8 ደረጃ ሊስት ይችላል። ቫራክተርህ ያለው ትርፍ ግማሽ ደረጃ ነው፣ ስለዚህ መሀል ላይ ኦሲሌተሩ በምንም ቮልቴጅ የማይደርስበት ጉድጓድ ይፈጠራል። ባለ 1 ፐርሰንት ሲ-ዜሮ-ጂ (ሙቀት ሲቀየር እምብዛም የማይለዋወጥ የሴራሚክ ዓይነት) ካፓሲተር ግዛ። የእሱ የሙቀት ለውጥም በዲግሪ ከ30 ፒፒኤም (ከሚሊዮን 30 እጅ) አይበልጥም።

ደረጃ ሲመረጥ ፒኤልኤሉን (ፍሪኩዌንሲውን ከማጣቀሻ ጋር እያወዳደረ ቮልቴጁን የሚያስተካክለውን ሉፕ) ክፈተውና ቮልቴጁን መሀል ላይ፣ 6 ቮልት ላይ ቸክለው። ፍሪኩዌንሲውን ለ1 ሚሊሰከንድ ቁጠር፣ በ1 ኪሎኸርዝ ልክ ታውቀዋለህ፣ ለዚህ ሥራ ከበቂ በላይ ነው። ከፍ ካለ ካፓሲተር ጨምር፣ ዝቅ ካለ ቀንስ፣ ከትልቁ ስዊች እየጀመርክ። 32ቱንም ማዳረስ የለብህም፣ በ5 ንጽጽር ትጨርሳለህ። ከዚያ ሉፑን ዝጋው። ቮልቴጁ መሀል አካባቢ ስለሚያርፍ ሙቀት ሲቀየር ወዲህም ወዲያም መንቀሳቀሻ ይኖረዋል። ከ2.5 በታች ወይም ከ9.5 በላይ ካለፈ ምርጫውን እንደገና አስጀምር። አንዴ ለክተህ ያስቀመጥከውን ሠንጠረዥ ብቻ አትመን፣ በተለይ ዕቃው ሳይሞቅ የተለካ ከሆነ።

ጠያቂው
ወንድሞቼ አንጀቴን አራሳችሁት። የመጨረሻ ጥያቄ፦ ስዊቹ ፒን ዳዮድ (በከረንት የሚበራ የሬድዮ ሞገድ ስዊች) ይሁን ወይስ ሪሌይ (በማግኔት የሚዘጋ ሜካኒካል ስዊች)?

መልስ 2
ለትንንሾቹ ፒን ዳዮድ ይበቃል። ጥንቃቄ የሚፈልገው ትልቁ ነው። በአንተ ኮይል ትልቁ ካፓሲተር 20 ፒኮፋራድ ገደማ ይሆናል፣ እሱ በ70 ሜጋኸርዝ 114 ኦም ነው። ዳዮዱ ሲበራ 1 ኦም ካለው የዚያ ቅርንጫፍ ኪው ከ114 አይዘልም። ዴቪድ ሊሰን በ1966 እ.ኤ.አ. ባወጣው ቀመር መሠረት ደግሞ የኦሲሌተሩ ኪው በግማሽ ሲወርድ ወደ ዋናው ሞገድ ቀረብ ያለው ኖይዝ 6 ዲሲቤል ይጨምራል። ስለዚህ ለትልቁ ዳዮድ ከፍ ያለ ከረንት ስጠው ወይም እሱን ብቻ በትንሽ ሪሌይ ተካው። ሲጠፉ ደግሞ ሁሉም ዳዮዶች ከኦሲሌተሩ ሞገድ ከፍታ የሚበልጥ ተቃራኒ ቮልቴጅ ይድረሳቸው፣ ዜሮ ላይ ከተተዉ በየሞገዱ ጫፍ ትንሽ ትንሽ ይከፈታሉ።