ድንኩን ሙዝ ከረጅሙ በምን ልለየው?

ጠያቂ፣ ሸዋ ሮቢት፦ ሰላም ወገኖች። ከ2 ዓመት በፊት የተከልኩት ሙዝ ችግኙ ከየጎረቤቱ የተለቀመ ስለነበር ማሳው ተደበላልቆብኛል። አንዳንዱ ከእኔ ቁመት ብዙም አይበልጥም፤ አንዳንዱ ዘለላውን ለማውረድ መሰላል ይፈልጋል። ፍሬው ሁሉም ጣፋጭ ነው። ክረምት ሲገባ ከአጭሩ ብቻ ቡቃያ ወስጄ ሌላ ማሳ ልተክል ነው። ግን አጭር ያልኩት ውሃ ያጠረው ረጅም ቢሆንስ?

ከአጣዬ፦ ወንድሜ፣ ስጋትህ ልክ ነው። መስኖና ፍግ ያጣ ረጅሙም ይቀጭጫል። እኔ ቅጠሉን ነው የማየው። የዱዋርፍ ካቨንዲሽ፣ ማለትም የድንኩ ሙዝ ዝርያ፣ ቅጠሉ አጭርና ሰፊ ነው፤ እጀታውም አጭር ስለሆነ ቅጠሎቹ አናቱ ላይ ይተፋፈጋሉ። ርዝመቱንና ወርዱን በገመድ ለካ፤ ርዝመቱ የወርዱን እጥፍ ብዙም ካላለፈ ወደ ድንኩ ያደላል።

የግብርና ባለሙያ፦ ዘለላ የያዘ ካለህ ከቅጠሉም የሚሻል ምልክት አለ። ከመጨረሻው ፍሬ በታች እስከ ቀዩ እምቡጥ ያለውን ዘንግ እይ። ዱዋርፍ ካቨንዲሽ የደረቁ አበቦቹንና የእምቡጡን ልባሶች ሳያረግፍ እንደያዘ ይቆያል። ረጅሙ ዝርያ ጃይንት ካቨንዲሽ ግን ያረግፋቸዋል፤ ዘንጉ ራቁቱን ይቀራል። እምቡጡን ገና ሳይንዠረገግ የቆረጥክበት ላይ ግን ይህ አይታይም።

ከደብረ ሲና፦ ይቅርታ፣ በዚሁ ልጠይቅ። የእኔ 4 ዓመቱ ነው፤ አንድም ቡቃያ ከጎኑ አላወጣም። ግንዱ ከሥሩ በጣም ወፍራም ነው። ምን ዓይነት ሙዝ ነው?

የግብርና ባለሙያ፦ እትዬ፣ እሱ እንሰት ሳይሆን አይቀርም። ሙዝ ልጆቹን ከጎኑ ያበቅላል፤ እንሰት በራሱ አያበቅልም። ቅጠሉም ቀጥ ብሎ ወደ ላይ የቆመ ከሆነ አይጠራጠሩ።

ጠያቂ፦ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ዛሬ ጠዋት ዞሬ አየሁ። አጭር ካልኳቸው ዘለላ የያዙት 6 ናቸው። 4ቱ ደረቅ አበባቸውን እንደያዙ ናቸው፤ የ2ቱ ዘንግ ራቁቱን ነው። 2ቱም ከቦዩ ርቀው የተተከሉ ናቸው። በ4ቱ ላይ ጨርቅ አሰርኩ። ከሥራቸው ካሉት ቡቃያዎች የትኛውን ልውሰድ?

ከአጣዬ፦ ቅጠሉ እንደ ጦር የጠበበውን፣ ከሥሩ የወፈረውን። ገና ትንሽ ሳለ ሰፊ ቅጠል የዘረጋው ከእናቱ ጋር ያለው ትስስር ደካማ ነው፤ ተክለኸውም አይጠነክርም። ይህን ግን ከዝርያ ጋር እንዳታምታታው፤ ከአንዷ እናት ሥር ሁለቱም ዓይነት ይበቅላል።