ነርስ ለመሆን መጀመሪያ ፖፖ ማንሳት ግዴታ ይሁን?

ጠያቂው፦ የዛሬው ክርክራችን ይሄ ነው። ነርሲንግ መማር የሚፈልግ ሰው ከማመልከቱ በፊት ለተወሰኑ ወራት በሽተኛ አጠገብ በረዳትነት እንዲሠራ ይገደድ? ወይስ የትምህርት ውጤቱና የመግቢያ ፈተናው ይበቃል? ነገሩን ከሜዳ አላነሳሁትም። እንግሊዝ አገር ስታፎርድ የሚባል ሆስፒታል ውስጥ ከ2005 እስከ 2009 በሽተኞች በቆሸሸ አንሶላ ላይ ይተዉ ነበር። ውሃቸው እጃቸው የማይደርስበት ቦታ ይቀመጥ ነበር። ጉዳዩ ተመርምሮ በ2013 ትልቅ ሪፖርት ወጣ። ነርሲንግ የሚገባ ሰው ቢያንስ 3 ወር በሽተኛ ይንከባከብ የሚል ሐሳብ ነበረበት። መንግሥት ደግሞ እስከ 1 ዓመት ይሁን ብሎ ሙከራ ጀመረ። (ዓመቱ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ነው።) እስቲ ሐሳብ ወዲህ በሉ። መሳደብ ክልክል ነው፤ መጨቃጨቅ ይፈቀዳል።

የሌሊት ተረኛ፦ እኔ ግዴታ ይሁን ባይ ነኝ። ነርስ ሆኜ 14 ዓመት ሠርቻለሁ፤ ግማሹን ማታ ማታ። አንድ ነገር ልንገራችሁ። ከክፍሏ አንደኛ የምትወጣ ተማሪ ለልምምድ እኛ ጋ መጣች። አናቶሚን እንደ ውሃ ጠጥታዋለች። የዚያን ቀን አንድ አዛውንት አምልጧቸው አልጋው ተበላሽቶ ነበር። "ጓንት አድርጊና አብረን እንጠባቸው" አልኳት። ጓንቱን አደረገች። ከዚያ በሩ ላይ ቆመች። አልገባችም። ሰውዬው አይተዋታል። ቀስ ብለው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። እሱን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። ልጅቷ በ3ኛው ሳምንት ትምህርቱን ተወችው። ቀድማ አንድ ወር እንኳ ብትሠራ ዓመቷ አይቃጠልም ነበር። ያ ቦታም ለሌላ ሰው ይሆን ነበር።

ሁለተኛ ዓመት፦ ሲስተር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና እኔም እንደዚያች ልጅ ነበርኩ። የመጀመሪያ ቀን የአልጋ ቁስል ሲታጠብ አይቼ ሮጬ ወጣሁ። ሽንት ቤት ገብቼ አስመለስኩ። ተከትላኝ የመጣችው ነርስ "ፊትሽን ታጠቢ፣ ውሃ ጠጪ፣ ተመለሺ" አለችኝ። ሌላ ምንም አላለችም። ተመለስኩ። አሁን ቁስል እያጠብኩ ስለ ምሳዬ አስባለሁ። እና ያቺ ልጅ በሩ ላይ ስትቆም ምን አሏት?

የሌሊት ተረኛ፦ አንቱታው ይቅር፣ ገና አላረጀሁም። ምንም አላልኳትም። ብቻዬን አጠብኳቸው። ለ32 በሽተኛ ሁለት ነርስ ነበርን፤ ጓደኛዬ መድኃኒት እያዞረች ነበር። ማንን ይዤ ማንን ላጽናና?

ሁለተኛ ዓመት፦ እኔም እሱን ነው የምለው።

መምህሩ፦ ፊዚዮሎጂ አስተምራለሁ። ተማሪ የሚመርጥ ኮሚቴ ውስጥም ተቀምጫለሁ። ግዴታውን እቃወማለሁ። ልምምዱ እኮ ትምህርቱ ውስጥ አለ። የአውሮፓ ኅብረትን ሕግ ውሰዱ። ጠቅላላ ነርስ ለመሆን ቢያንስ 3 ዓመትና 4,600 ሰዓት ይጠይቃል፤ ከዚያ ቢያንስ ግማሹ በሽተኛ ዘንድ የሚደረግ ልምምድ ነው። 2,300 ሰዓት! ስታፎርድን በተመለከተ ደግሞ ጠያቂው ግማሹን ብቻ ነው የነገረን። ያው ሪፖርት የሠራተኛ እጥረቱንና ወጪ ለመቀነስ የተደረገውን ሩጫ በግልጽ አስቀምጧል። ሲስተርም ሳታስበው መሰከረችልኝ፤ 32 ለ2። እጁን አስሮ "ለምን አላጨበጨብክም" እንደ ማለት ነው።

በ2014 ላንሴት በሚባለው የሕክምና መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት አለ። በ9 የአውሮፓ አገሮች 300 ሆስፒታሎች የተመረመሩበት ነው። አንድ ነርስ የምትይዘው በሽተኛ በአንድ በጨመረ ቁጥር፣ ቀዶ ሕክምና የተደረገለት ሰው በ30 ቀን ውስጥ የመሞት ዕድሉ በ7 በመቶ ከፍ ብሎ ተገኘ። በዲግሪ የተማሩት ነርሶች ድርሻ በ10 በመቶ ከፍ ሲል ደግሞ የመሞት ዕድሉ በ7 በመቶ ዝቅ ብሎ ታየ። እና እኔ ስመርጥ የሚማር ጭንቅላት ነው የምፈልገው።

ነገረኛው፦ መምህር፣ ጭንቅላት ብቻውን ትራስ አያስተካክልም።

መምህሩ፦ ትራስ የምታስተካክለው እጅ ጠብታም ትቆጥራለች ወዳጄ። እስቲ ሁላችሁንም ልፈትናችሁ። ሐኪሙ 1 ሊትር ግሉኮስ በ8 ሰዓት ውስጥ ሄዶ ይለቅ ብሏል። መስመሩ ለ1 ሚሊ ሊትር 20 ጠብታ የሚጥል ነው። በደቂቃ ስንት ጠብታ ታደርጉታላችሁ?

እናት፦ 125?

ነገረኛው፦ እኔም 125። 1,000 ለ8።

ሁለተኛ ዓመት፦ 42።

መምህሩ፦ ጎበዝ። 125 በሰዓት የሚሄደው ሚሊ ሊትር ነው። የጠየቅኩት በደቂቃ የሚወርደውን ጠብታ ነው። 1,000 ሚሊ ሊትር በ20 ሲባዛ 20,000 ጠብታ ነው። 8 ሰዓት 480 ደቂቃ ነው። ሲካፈል 41.7 ይመጣል፤ 42 እንለዋለን። በደቂቃ 125 ከለቀቃችሁት በ2 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ያልቃል። በሽተኛው ልባቸው የደከመ ከሆኑ ሳንባቸው ውሃ ሊቋጥር ይችላል። ትራሳቸው ግን ተስተካክሏል።

ነገረኛው፦ እሺ፣ ይቺን በላሁ። ለዚህ ማሽን የለም እንዴ?

የሌሊት ተረኛ፦ ማሽኑማ አለ። ቁጥሩን የሚያስገባው ግን ሰው ነው።

እናት፦ እኔ ከክርክሩ ይልቅ ጭንቀት ይዞኝ ነው የገባሁት። ልጄ በቅርቡ ያመለክታል። ውጤቱ መካከለኛ ነው፤ የሚፈራው ቃለ መጠይቁን ነው። ቤት ውስጥ እናለማምደዋለን። "ለምን ነርስ መሆን ፈለግህ?" ስንለው "ሰው መርዳት ስለምወድ" ይልና ዝም ይላል። ይበቃል?

መምህሩ፦ እናቴ፣ አይበቃም። ኮሚቴ ላይ ስቀመጥ ያቺን መልስ ሰምቼ ሰምቼ ጆሮዬ ደንዝዟል። ውሸት ሆና አይደለም። መምህሩም፣ ፖሊሱም፣ የእሳት አደጋ ሠራተኛውም ያንኑ ይላል። ነርስ ሐኪም ከሚሠራው በምን እንደሚለይ፣ አንድ ፈረቃ እንዴት እንደሚያልፍ ያውቃል ወይ? እኔ የምጠይቀው እሱን ነው።

ነገረኛው፦ ይኸውላችሁ ሌላኛው ጉድ። ቃለ መጠይቅ አፈ ጮሌን ነው የሚያስገባው። "ፀባይ እንመዝናለን" የሚባለው ነገር ድሮም ቢሆን ችግር ነበረበት። የዘመናዊ ነርሲንግ እናት የምትባለው ፍሎረንስ ናይቲንጌል በ1860 ለንደን ላይ ትምህርት ቤቷን ስትከፍት ለተማሪዎቹ በየወሩ የሚሞላ የፀባይ ቅጽ ነበር። ሰዓት አክባሪነት፣ እርጋታ፣ ታማኝነት፣ የግል ንጽሕና እየተባለ ይሞላል። ጥሩ ነው። ግን ማን ነው የሚሞላው? በምን ዓይን? ከዚያ በፊት በ1854 ሜሪ ሲኮል የምትባል ጃማይካዊት ወደ ክራይሚያ ጦርነት በነርስነት ልሂድ ብላ ለንደን ላይ ጠየቀች። ኮሌራ ያስታመመች፣ ልምድ ያላት ሴት ነበረች። አልተቀበሏትም። "በቆዳዬ ቀለም ይሆን?" ስትል በኋላ በሕይወት ታሪኳ ጽፋለች። በራሷ ገንዘብ ሄዳ ነው የሠራችው። ልምዱ ነበራት እኮ! በሩ ላይ የቆመው ሰው ካልወደደሽ ልምድም አያስገባ።

መምህሩ፦ ይህን አልከራከርህም። ለዚያ ነው አንድ ረጅም ቃለ መጠይቅ የማልወደው። ካናዳ ውስጥ ማክማስተር ዩኒቨርሲቲ ለሕክምና ተማሪዎች ብሎ የጀመረው ሌላ ዘዴ አለ። አመልካቹ ከክፍል ክፍል እየዞረ ብዙ አጫጭር ጥያቄዎችን ይመልሳል። እያንዳንዱ ክፍል ውስጥ ሌላ ፈታኝ አለ። አንዱ ቢጠላህ ሌላው አያውቅም። ዛሬ ብዙ የነርሲንግ ትምህርት ቤቶችም ይጠቀሙበታል። እናቴ፣ ለልጅዎ ይንገሩት፤ የሚጠየቀው "ጓደኛህ የተሳሳተ መድኃኒት ሰጥታ ዝም በል ብትልህ ምን ታደርጋለህ?" ዓይነት ነው። በቃል የተጠና መልስ እዚያ ላይ አይሠራም።

አስታማሚው፦ ሁላችሁንም ሳነብ ነበር። እኔ ለማመልከት እየተዘጋጀሁ ያለሁ ሰው ነኝ። ቀን ዕቃ ማውረድና መጫን እሠራለሁ፤ ማታ ኬሚስትሪ አነባለሁ። ሦስት ታናናሾች አሉኝ። 3 ወር ያለ ደመወዝ በረዳትነት ሥራ ብትሉኝ በቃ፣ ለእኔ በሩ ተዘጋ ማለት ነው። 1 ዓመት የሚለውንማ አላነሳውም። ደግሞ አባቴ ስትሮክ መቶት 2 ዓመት አስታምሜዋለሁ። እሱ በረዳትነት ይቆጠራል? ወረቀት የለውም፤ ማኅተምም የለውም።

የሌሊት ተረኛ፦ ወንድሜ፣ ይሄን አላሰብኩትም ነበር። ነጻ ይሁን አላልኩም ግን። ይከፈለው።

ጠያቂው፦ የእንግሊዙ ሙከራ ላይ የነበሩት ተከፋይ ነበሩ፣ ለመረጃ ያህል።

ነገረኛው፦ የሚከፍል ከተገኘ መልካም። ያልተገኘ ጊዜ ግን "ግዴታ" የሚለው ይቀራል፣ "ክፍያ" የሚለው ይጠፋል። ይሄንን ነገር ስንት ጊዜ አይተናል? ደግሞ የዓለም ጤና ድርጅት በ2025 ሪፖርቱ በዓለም ላይ 5.8 ሚሊዮን ነርስ ይጎድላል ብሏል። እናንተ በሩ ላይ ተጨማሪ ቁልፍ ትሰቅላላችሁ።

የሌሊት ተረኛ፦ የሚጎድለውን በማንም እንሙላው ነው? እኔ ሌሊት ሕመም ላይ ብሆን በሩ ላይ የምትቆም ነርስ አልፈልግም።

ሁለተኛ ዓመት፦ ሲስተር፣ በሩ ላይ የቆመችን ልጅ ማን እንደሚያስገባት ነው ጥያቄው።

የሌሊት ተረኛ፦ ነካሽኝ።

ጠያቂው፦ መሐል ልግባ። ስጀምር ወደ ሲስተር አጋድዬ ነበር። አስታማሚውን ካነበብኩ በኋላ ግዴታው ላይ ቀዝቅዣለሁ። ግን ሳያዩ መግባትም ልክ አይመስለኝም። ሰው ጫማ እንኳ ሳይለካ አይገዛም። ትምህርት ቤቱ ራሱ አመልካቹን ለ2 ወይም ለ3 ቀን ዋርድ ውስጥ ያሳየው። ሙሉ ፈረቃ ይቁም፤ ማታንም ጨምሮ። ነጥብ አይሰጠው፤ አይቶ ራሱ ይወስን።

የሌሊት ተረኛ፦ በ3 ቀን ሁሉም ሰው ጥሩ ነው።

መምህሩ፦ ለአመልካቹ ይበቃዋል። ለእኛ ባይበቃም።

እናት፦ ይቅርታ፣ እናንተ ስትስማሙ ልጄ ሊያረጅ ነው። አሁን ምን ያዘጋጅ? እሱን ንገሩኝ።

የሌሊት ተረኛ፦ እሺ እናቴ። ማንም የማይነግርሽን ልንገርሽ። የሄፓታይተስ ቢ፣ የጉበት በሽታው ማለቴ ነው፣ ክትባቱን አሁን ይጀምር። በተለመደው መርሐ ግብር 3 ጊዜ ነው። ከመጀመሪያው 1 ወር ቆይቶ ሁለተኛው፣ ከመጀመሪያው በ6ኛው ወር ሦስተኛው። ብዙ ትምህርት ቤት ያለ እሱ ለልምምድ አይልክም። ተቀባይነት አግኝቶ ክትባት ሲጠብቅ የቆየ ልጅ አውቃለሁ። የወገብ ችግር ካለው ከአሁኑ ይታይ። በሽተኛ ማገላበጥ ቀልድ አይደለም።

መምህሩ፦ ሒሳብ። ክፍልፋይ፣ መቶኛ፣ ሚሊ ግራምን ወደ ግራም መቀየር። ያለ ካልኩሌተር። ባዮሎጂና ኬሚስትሪውን ያጥብቅ፤ እኔ ጋ ብዙ ተማሪ የሚወድቀው ፊዚዮሎጂ ላይ ነው፤ አብዛኛውም ኬሚስትሪው ሳስቶበት ነው። የመግቢያ ፈተና ካለው ደግሞ ሰዓት ይዞ ይለማመድ። ሳያነቡ የሚወድቁ አሉ፤ ሰዓት አልቆባቸው የሚወድቁትም ጥቂት አይደሉም።

ሁለተኛ ዓመት፦ እና እንቅልፍ። እንቅልፍ ይተኛ፣ በኋላ አያገኘውም 😅

አስታማሚው፦ እኔም ክትባቱን አላሰብኩትም ነበር። እግዜር ይስጥልኝ ሲስተር። ቃለ መጠይቁ ላይ ግን ምን እንደምል እስካሁን አላወቅሁም። እኔም "ሰው መርዳት እወዳለሁ" ልል ነበር።

የሌሊት ተረኛ፦ አባትህን ስታስታምም ማታ ማታ ምን ታደርግ ነበር?

አስታማሚው፦ ምን አደርጋለሁ፣ በየ2 ሰዓቱ አገላብጠዋለሁ። ስልኬ ይጮሃል፣ እነሳለሁ። በግራ ጎኑ ሲሆን እጁ ከሥር እንዳይታጠፍ ትንሽ ትራስ አደርግለታለሁ። የጠጣውን ውሃና የሸናውን ለክቼ ደብተር ላይ እጽፍ ነበር። ማንም አላዘዘኝም። ሐኪሙ ሲጠይቀኝ እንዳልረሳ ብዬ ነው። አንድ ጊዜ ሽንቱ በጣም እንደቀነሰ ከደብተሩ አይቼ ሳይነጋ ወሰድኩት።

መምህሩ፦ ቆይ። በየ2 ሰዓቱ ማገላበጥን ማን አስተማረህ?

አስታማሚው፦ ጀርባው ላይ ቀይ ነገር አየሁ። ተጭኜ ስለቀው አይነጣም። ፈራሁ። አንዷን ነርስ ጠየቅኩ፣ እሷ ነገረችኝ። ከዚያ በኋላ አልቆሰለም።

የሌሊት ተረኛ፦ ደብተሩ አለ?

አስታማሚው፦ አባቴ ካረፈ በኋላ ልጥለው ብዬ አልቻልኩም። አለ።

የሌሊት ተረኛ፦ ይዘኸው ግባ።