ከፕራይመር ሥር የተመለሰ ዝገት

ሱሉልታ ግቢዬ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1967 የተሠራች ቮልስዋገን አለችኝ። አሮጌውን ቀለም እስከ ላሜራው ገፍፌ፣ ዝገቱን በ80 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት ፍቄ፣ የጎደጎደውን በስቱኮ ሞላሁ። በ180፣ ከዚያም በ320 ካለሰለስኩት በኋላ ከቀለም በፊት ከሥር የሚረጨውን ተራውን ግራጫ ፕራይመር ረጨሁበት። ኮፈኑና በሮቹ እስካሁን እንከን የለባቸውም። የኋላ ፓራፋንጎዎቹ ግን የሱሉልታን ክረምት አልቻሉትም፤ መኪናዋ ቆርቆሮ ጥላ ሥር ብትቆምም ስቱኮው ዳር ዳሩን አብጦ ተነሥቷል፣ ሲፋቅም ከሥሩ ቡናማ ዝገት ይታያል። የሰፈራችን ቀለም ቀቢ «በላዩ ኢፖክሲ ፕራይመር (እርጥበት የሚከላከለውን ዓይነት) ረጭተህ እለፈው» ይለኛል፤ ለሒሳቡ የቸኮለ ይመስለኛል። ተራ ፕራይመር እርጥበት እንደሚያሳልፍ አውቃለሁ፤ ያበጠውን መግፈፌም አይቀርም። የቸገረኝ ጤነኛው ክፍል ነው፦ ኮፈኑንና በሮቹን አለስልሼ ኢፖክሲውን በላያቸው ልርጭ ወይስ እነርሱንም እስከ ላሜራው ገፍፌ እንደገና ልጀምር?