ለአራት ተከታታይ የስለላ ፊልሞች የሚስማማ ርዕስ እንዴት ይገኛል?

የማታ ብዕር፦

ሰላም ለሁላችሁ። የአራት ተከታታይ የስለላ ፊልሞችን ታሪክ ጽፌአለሁ፤ ርዕሳቸው ግን እንቅልፍ ነሥቶኛል። ባለታሪኳ ሽጉጥ ይዛ ከጣሪያ ጣሪያ የምትዘል አይደለችም። በአንድ የስለላ መሥሪያ ቤት ውስጥ የምሥጢር መልእክት የምትፈታ፣ ከጠረጴዛዋ የማትነሣ ሴት ናት።

በመጀመሪያው ፊልም በአጭር ሞገድ ራዲዮ አንድ ድምፅ አምስት አምስት አሃዝ እያደረገ ቁጥር ሲያነብ ትሰማለች። ቁጥሩ ሲፈታ መልእክቱ ሞቶ ተቀብሯል ከተባለ ሰላይ የመጣ ሆኖ ይገኛል። በሁለተኛው ከመሥሪያ ቤቱ ምሥጢር የሚያወጣው ሰው ሥራውን ያስተማራት አለቃዋ መሆኑን ትደርስበታለች። በሦስተኛው ሁለቱ ወገኖች እስረኛ ይለዋወጣሉ፤ ተላልፈው ከሚሰጡት አንዷ እርሷ ናት። በአራተኛው ሞታለች ተብሎ ፋይሏ ተዘግቷል፤ በስሟና በታሪኳ ግን ሌላ ሴት እየኖረች ነው።

እስካሁን የያዝኳቸው ርዕሶች "የሙታን ድምፅ"፣ "ጥቁሩ ከዳተኛ"፣ "የደም ድልድይ" እና "የመጨረሻው ተልእኮ" የሚሉ ናቸው። ጮክ ብዬ ሳነባቸው የእኔን ታሪክ አይመስሉኝም፤ የማንም ሊሆኑ ይችላሉ። ቁጥር ብቻ መስጠትም አልፈልግም። ምን ትመክሩኛላችሁ?

ሦስተኛ ረድፍ፦

ታሪኩ ጥሩ ነው፤ ርዕሶቹ ግን እየጎዱት ነው። "ጥቁሩ ከዳተኛ" የሚለውን አንብቦ የገባ ተመልካች ከመጀመሪያው ትዕይንት ጀምሮ ከዳተኛውን ማሰስ ይጀምራል፤ አለቃዋን ለመውደድ ፋታ አያገኝም። አለቃው ካልተወደደ ደግሞ ክህደቱ አያምም። "የሙታን ድምፅ" ስለ መናፍስት የተሠራ ፊልም ይመስላል። "የመጨረሻው ተልእኮ" ምንም አይናገርም።

በእኔ እምነት የስለላ ታሪክ ርዕስ በታሪኩ ውስጥ ካሉ ሰዎች አፍ የወጣ ቃል ሲሆን ነው የሚሰምረው። እንግሊዛዊው የስለላ ልቦለድ ደራሲ ጆን ለ ካሬ እ.ኤ.አ. በ1974 ላሳተመው "ቲንከር ቴይለር ሶልጀር ስፓይ" ርዕሱን የወሰደው ከልጆች የመቁጠሪያ ግጥም ነው። በመጽሐፉ ውስጥ የስለላ ድርጅቱ ኃላፊ ለተጠረጠሩት ባልደረቦቹ የምሥጢር ስም ያወጣላቸው ከዚያው ግጥም ነው። አንባቢው መጽሐፉን ሲያነሣ የልጆች ጨዋታ ያያል፤ ውሎ አድሮ ሲገባው ግን በእጁ የያዘው የተጠርጣሪዎች ዝርዝር ነው። "ስካይፎል"ንም ይመልከቱ። እ.ኤ.አ. በ2012 በወጣው በዚህ ፊልም ጄምስ ቦንድ የሥነ ልቦና ምርመራ ሲደረግለት ይህ ቃል ይጠራበታል፤ ፊቱ ይጠቁርና ምርመራውን አቋርጦ ይወጣል። ያደገበት ቤት ስም መሆኑን የምናውቀው ታሪኩ ወደ ማለቂያው ሲቃረብ ነው። ርዕሱ ይህን ያህል ጊዜ ተመልካቹን ይዞ መቆየት ችሏል።

አራቱን ርዕሶች የሚያያይዘውን ደንብ በተመለከተ፣ ለአራቱም የሚበቃ መሆኑን አስቀድመው ያረጋግጡ። የጄሰን ቦርን ፊልሞች እ.ኤ.አ. በ2002፣ በ2004 እና በ2007 ከሮበርት ለድለም መጻሕፍት በወረሱት ሥርዓት ስሙን ከአንድ ከባድ ቃል ጋር እያጣመሩ መጡ፤ በ2016 የወጣው ግን ቃሉን ትቶ ስሙን ብቻ ያዘ። ቁጥርን መሸሽዎን እደግፋለሁ። "ሚሽን ኢምፖሲብል"ም ሁለተኛውንና ሦስተኛውን በቁጥር ከጠራ በኋላ፣ ከ2011 ጀምሮ ለእያንዳንዱ ፊልም የራሱን ሐረግ ወደ መስጠት ዞሯል።

መዝገብ ቤት፦

እኔ የፊልም ሰው አይደለሁም። የሥራ ዘመኔን ያሳለፍኩት ገቢና ወጪ ደብዳቤ በመመዝገብ ነው። ታሪክዎን ሳነብ ልቤን የያዘው "ከጠረጴዛዋ የማትነሣ" ያሉት ነው። እንግዲያው ይህች ሴት ቀኑን ሙሉ የምትውለው ከወረቀት ጋር ነው፤ ርዕሱንም እዚያው ይፈልጉት። አንድ የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ ከአናቱ እስከ ግርጌው ቢያዩ አራቱ ፊልሞች በተርታ ተቀምጠውበታል።

አናቱ ላይ "ለሚመለከተው ሁሉ" ይላል። ያ የቁጥር ንባብ በአየር ላይ ሲለቀቅ ራዲዮ ያለው ሁሉ ይሰማዋል፤ የሚፈታው ግን የቁልፉ ገጽ በእጁ ያለ ሰው ብቻ ነው። ጉዳዩ የሚመለከተው እርሷን ብቻ ነው፤ እርሷን የሚመለከቱ ዓይኖች ግን ብዙ ናቸው።

ዝቅ ሲሉ "እንዲያውቁት" የሚለውን ያገኛሉ። እርስዎ እንዲያውቁት ነው ወይስ እነርሱ? አለቃዋ ሪፖርቱን ለበላዩ ያቀርባል፤ ያንኑ ሪፖርት ለባላጋራ ያሳልፋል። ለሁለቱም የሚጽፈው ቃል አንድ ነው።

ሦስተኛው "ከሠላምታ ጋር" ይሁን። በእስረኛ ልውውጥ ላይ ደም ለምን ይፈስሳል? እ.ኤ.አ. በየካቲት 1962 አሜሪካ ውስጥ የተያዘው የሶቪየት ሰላይ ሩዶልፍ አቤልና የስለላ አውሮፕላኑ ሶቪየት ኅብረት ላይ የተመታበት አሜሪካዊ አብራሪ ፍራንሲስ ጋሪ ፓወርስ በርሊንን ከፖትስዳም በሚያገናኘው የግሊኒከ ድልድይ ላይ ሲለዋወጡ አንድ ጥይት አልተተኮሰም። ሁለቱም ወገኖች ቆመው የሚጠብቁት ከተማው ውስጥ በሌላ ኬላ የሚለቀቀው አሜሪካዊ ተማሪ መለቀቁ እስኪረጋገጥ ነበር። የሚያስፈራው ያ መጠበቅ ነው፤ ለዚያ ደግሞ ጨዋና ቀዝቃዛ ቃል ይስማማዋል።

ደብዳቤው ተፈርሞ ካበቃ በኋላ ከፊርማው በታች የሚጻፈው "ግልባጭ" ነው። ዋናው ከእጅ ወጥቶ ሄዷል፤ የቀረው ቅጂው ነው። በስሟ የምትኖረው ሴት እርሷ አይደለችምን?

ቀጭን ጥላ፦

የደብዳቤው ሐሳብ ግሩም ነው፤ ሁለት ነገር ግን ያሳስበኛል። "ከሠላምታ ጋር" ብቻውን ግድግዳ ላይ ቢለጠፍ ሰው የፍቅር ፊልም ይመስለዋል። "እንዲያውቁት" ደግሞ ለብቻው ሲቆም ጉልበት ያንሰዋል። ለሁለተኛው "ከታማኝ ምንጭ" የሚል ብታደርጉትስ? በስለላ ሥራ ሪፖርት ሲመዘን የምንጩ ታማኝነት ከኤ እስከ ኤፍ ባለ ፊደል፣ የመረጃው እውነትነት ደግሞ ከ1 እስከ 6 ባለ ቁጥር ለየብቻ ይሰጣል። ታማኝ ሰው የተሳሳተ ወሬ ሊያመጣ፣ የማይታመን ሰውም እውነት ሊናገር ስለሚችል ነው የተለያዩት። አለቃዋ ዕድሜ ልኩን ኤ የተሰጠው ሰው ቢሆን፣ ርዕሱ እርሱን ሳያጋልጥ ስለ እርሱ ይናገራል።

የማታ ብዕር፦

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። "መዝገብ ቤት"፣ እርስዎ ያሳዩኝን ተርታ ሙሉውን ወስጄዋለሁ። አራቱ ርዕሶች በተከታታይ ሲነበቡ ራሳቸው አንድ ደብዳቤ ይሆናሉ፤ ስለዚህ "ከታማኝ ምንጭ" የሚለው ብቻውን ቢበልጥም መሐል ላይ ሲገባ ደብዳቤውን ይቆርጠዋል። ምዘናው ግን ወደ ታሪኩ ገብቷል። አለቃዋ በሪፖርቶቹ ጠርዝ ላይ በአረንጓዴ ቀለም "እንዲያውቁት" ብሎ የመጻፍ ልማድ ይኖረዋል፤ ከፊልሙ ግማሽ በኋላ ከወዲያኛው ወገን በተያዘ ፎቶግራፍ ላይ ያንኑ የእጅ ጽሑፍ ታየዋለች። ቃሉ ጉልበት የሚያገኘው እዚያ ላይ ይመስለኛል።

"ቀጭን ጥላ"፣ ስለ ፍቅር ፊልሙ ያሉት እውነት ነው፤ ነገር ግን ሦስተኛው ሲወጣ ሁለቱ ቀድመውት ስለሚታዩ ተመልካቹ ነገሩን ያውቀዋል። ድልድዩም ከርዕሱ ወጥቶ ወደ ማስታወቂያው ሥዕል ይሄዳል።

አሁን የሦስተኛውን የመጨረሻ ገጾች እንደገና እየጻፍኩ ነው። ተኩሱን አውጥቼዋለሁ፤ በምትኩ ሁለቱም ወገኖች ቆመው ይጠብቃሉ።